የአባቴ አንድ ጉርድ ፎቶ



ውድ አንባቢያን፣ ይህ አምድ ቤተሰብ በትርፍ ጊዜው ሊማራቸው የሚችላቸው ጠቃሚ ነገሮች የሚነሡበት ነው። የዛሬው ርእሳችን ፎቶግራፍ ነው፤ ያውም ሩቅ ሳንሄድ የገዛ ቤተሰባችንን እያነሣን የምንማረው። «በየእጃችን ሞባይል ባለበት ዘመን ፎቶ ማንሣት ደግሞ ምን ትምህርት ያሻዋል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እገምታለሁ። እኔም እንደዚያ ስል ነበር። ሐሳቤን ያስለወጠችኝ ልጄ ናት።

አባቴ በዱርቤቴ ከተማ ልብስ ሰፊ ነበሩ። በገበያ ቀን የስፌት መኪናቸውን በረንዳ ላይ አውጥተው፣ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ከባላገሩ ጋር እየቀለዱ ይሠሩ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ስለ እሳቸው ሲያወራ የሚጀምረው ከሳቃቸው ነው። በ1994 ዓ.ም ወደ አኼራ ሲሄዱ ግን በቤታችን የቀረው ምስላቸው አንድ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር። እሱንም የተነሡት ለቀበሌ መታወቂያ ነው። ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው ይታያሉ።

በ2009 ዓ.ም ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበረችው ልጄ ይህን ፎቶ ከሣጥን ውስጥ አግኝታ ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆየች። ከዚያም «አባዬ፣ አያቴ ሁልጊዜ ቁጡ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳልነበሩ ነገርኳት። አላመነችኝም፤ በእጇ የያዘችው ማስረጃ ሌላ ይናገር ነበርና። አባቴ በሃምሳ ዓመት ዕድሜያቸው ውስጥ የሳቁት ሳቅ ሁሉ ተረስቶ፣ በካሜራ ፊት የቆሙባት አንዲት ደቂቃ ለልጅ ልጃቸው ጠባያቸው ሆነች። እናቴ በሕይወት አሉ። ባለቤቴ አለች። ልጆቼ በየወሩ ይለዋወጣሉ። እነሱንስ የሚያስታውሳቸው ምን ይሆን? ፎቶ ማንሣት ለመማር የወሰንኩት በዚያ ቀን ነው።

ለአባቶቻችን መፍረድ አይገባም

የአባቴ ትውልድ ፎቶ ያልተነሣው ጠልቶ አይደለም። ፎቶግራፍ በአገራችን ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የከተማ ነገር ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን ወደ አዲስ አበባ የመጣው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ እንደነበረ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒም ሙያውን እስከ አጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን እንደቀጠሉበት ይታወቃል። ቆይቶ በየከተማው ፎቶ ቤት ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2010ሮቹ መጨረሻ «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» በሚል ስም የወጣው መጽሐፍ፣ ከየቤተሰቡ አልበም በተሰበሰቡ የድሮ ፎቶዎች የተዘጋጀ ነው። ተራ ሰዎች በሠርጋቸው፣ በምረቃቸው፣ በመዝናኛቸው የተነሷቸው ፎቶዎች ዛሬ የከተማይቱ ታሪክ ሆነዋል።

ከመራዊ በታች በዱርቤቴ፣ በዳንግላ በኩል እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ድረስ እኔ በገባሁባቸው የዘመድ ቤቶች ግን አልበም ያለው ጥቂቱ ነው። ፊልሙ ገንዘብ ነው፤ ማሳጠቢያው ገንዘብ ነው፤ ከገጠር እስከ ፎቶ ቤት ያለው መንገድ የአንድ ቀን ሥራ ያስፈታል። ስለዚህ ሰው ፎቶ የሚነሣው መንግሥት መታወቂያ ሲጠይቀው ነበር። ዛሬ ያ ሰበብ ተነሥቷል። አንድ ሰው ሞባይል ካለው፣ በቀን መቶ ጊዜ ቢያነሣ የሚከፍለው የለም። አሁን የጎደለን ማስተዋሉ ነው።

የእናቴ ሁለት ጥያቄዎች

ስልኬን መጀመሪያ ያዞርኩት ወደ እናቴ ነበር። እሳቸውም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈን አድርገው፣ «ልጄ፣ ይሄ ነገር ሐራም አይደለም እንዴ? ደግሞስ ማን እጅ ሊገባ ነው?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ጥያቄ የቆየ ነው። ምስል መሥራትን የሚያስጠነቅቁ ሐዲሶች እንዳሉ እናውቃለን። ካሜራ ሲመጣ ዑለማዎች ጉዳዩን ለየብቻ ተመለከቱት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼህ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ በጻፉት መልእክት፣ ካሜራ የሚያደርገው ያለውን ጥላ መያዝ እንጂ አዲስ ፍጥረት መሥራት አይደለም ሲሉ ፈቅደዋል። ሌሎች ዑለማዎች ደግሞ ክልከላው ካሜራንም ይጨምራል ብለው፣ ለመታወቂያና ለፓስፖርት ለመሳሰለው አስፈላጊ ጉዳይ ብቻ ፈቅደዋል። እኔ የፈትዋ ሰው አይደለሁም፤ አንባቢ የሚያምናቸውን ዑለማ ይጠይቅ።

ሁለተኛው ጥያቄ ግን ለሁላችንም ነው። ማን እጅ ሊገባ ነው? በዚህ ላይ ለእናቴ ቃል ገባሁላቸው። ሳልጠይቃቸው ለማንም እንዳልልክ፣ ፌስቡክ ላይ እንዳላወጣ፣ ግድግዳ ላይ እንዳልሰቅል ተስማማን። እሳቸውም «እንግዲያው ለጊዜው እጄን አንሣ» አሉኝ።

ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎቼ የእናቴ እጆች ናቸው። ሊጥ ሲያቦኩ፣ ቡና ሲቆሉ፣ ጥጥ ሲፈትሉ፣ ሙስበሓቸውን ሲቆጥሩ። በግራ አውራ ጣታቸው ላይ የቆየ የእሳት ጠባሳ አለ። አርባ ዓመት አብሬያቸው ስኖር አይቼው አላውቅም ነበር፤ ያየሁት በፎቶው ነው። ስጠይቃቸው እኔ ገና ጨቅላ ሳለሁ ወደ ምድጃው ስድህ እኔን ለማዳን ሲሮጡ የተቃጠሉት መሆኑን ነገሩኝ። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም።

ብርሃንን ማወቅ

ፎቶግራፍ የሚማር ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው ብርሃንን ነው። ይህን ትምህርት ለዓለም ካስተማሩት ታላላቅ ሊቃውንት አንዱ በበስራ የተወለደውና በካይሮ የኖረው ኢብን አል-ሃይሰም ነው። ከ965 እስከ 1040 እ.ኤ.አ. ገደማ የኖረው ይህ ሊቅ «ኪታብ አል-መናዚር» በተባለው መጽሐፉ፣ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ሳይሆን ብርሃን ከነገሮች ተነሥቶ ወደ ዓይናችን ስለሚገባ መሆኑን አስረዳ። ብዙ መብራቶችን በአንዲት ቀዳዳ ፊት ለፊት ደርድሮ፣ ብርሃናቸው በጨለማው ክፍል ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚያርፍ ተመለከተ። አንዱን መብራት ሲከልለው የዚያ መብራት ነጥብ ብቻ ይጠፋል፤ ሲገልጠው ይመለሳል። ብርሃን ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ፣ በቀዳዳው ሲያልፍም እንደማይደባለቅ በዚህ አሳየ።

የቆርቆሮ ቤት ያለው ሰው ይህን በገዛ ቤቱ ሊያየው ይችላል። ከጣሪያው በምስማር ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ የምታርፈው ክብ ብርሃን የፀሐይዋ ምስል ናት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም ፀሐይ ተጋርዳ በላሊበላ እንደ ቀለበት በታየች ጊዜ፣ የብርሃኗን ነጥብ ያስተዋለ ሰው ክብነቷ ጎድሎ አይቷት ይሆናል። ኢብን አል-ሃይሰም ስለዚሁ ስለ ግርዶሽ ምስል ራሱን የቻለ ጽሑፍ ጽፏል። «ካሜራ» የሚለው የላቲን ቃልም ትርጉሙ «ክፍል» ነው። እኛ በኪሳችን የያዝነው አንዲት ቀዳዳ ያላትን ትንሽ ጨለማ ክፍል ነው።

ልምምዱ

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከስሕተቴ የተማርኩትን በአጭሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ሰዓቱን ምረጡ። በጎጃም ምድር እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ በሚያዝያና በነሐሴ ውስጥ ደግሞ በትክክል አናታችን ላይ የምትውልበት ቀን አለ። ያን ጊዜ የተነሣ ሰው ዓይኑ ጎድጓዳ ጥላ ሆኖ ይቀራል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ማታም ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ያለው ብርሃን ለፊት ይስማማል።

ሁለተኛ፣ በሩን ተጠቀሙ። ውጭው ፀሐይ ከሆነ ሰውየውን ከበሩ ወደ ውስጥ አንድ እርምጃ ገባ አድርጋችሁ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አዙራችሁ አስቀምጡት። ብርሃኑ ለስልሶ ፊቱ ላይ ያርፋል፤ ከኋላው ያለው ጨለማም የተበታተነውን ዕቃ ይሸፍንላችኋል። ለፎቶ ቤት ሳንከፍል የምናገኘው ፎቶ ቤት ይህ ነው።

ሦስተኛ፣ ለፊት ብርሃን ስጡ። ካሜራ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ሥዕሉን ያጨልማል። እናቶቻችን ነጭ ነጠላ ለብሰው ሲነሡ ፊታቸው የሚጠቁረው ለዚህ ነው። በሞባይል ከሆነ በጣታችሁ የሰውየውን ፊት ንኩ፤ አሁንም ከጨለመ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ አድርጉት። በነገራችን ላይ በድሮ የቀለም ፎቶዎች የዘመዶቻችን ፊት የሚጠፋበት ሌላም ምክንያት ነበረ። የኮዳክ ኩባንያ ለማጠቢያ ቤቶች የቀለም መለኪያ አድርጎ የሚልከው «ሸርሊ» የተባለው ካርድ ለብዙ ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር። ማስተካከያው በእሷ መልክ ሲሰላ የጠቆረ መልክ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። ጉዳዩ እየታረመ የሄደው ዘግይቶ ነው። አያቶቻችን በፎቶ የጠቆሩት መልካቸው ስለከፋ እንዳልሆነ ልጆቻችን ይወቁ።

አራተኛ፣ አትጠጉ። የሞባይል ሌንስ ሰፊ ስለሚያይ ፊት ላይ ከተጠጋ አፍንጫን ያተልቃል፣ ጆሮን ያሸሻል። ሁለት ሜትር ያህል ራቅ በሉ። ሕፃን ስታነሡ ግን ቁመታችሁን ቀንሱ፤ ተንበርክካችሁ በዓይኑ ልክ ሁኑ። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ልጅ አናቱ ብቻ ነው የሚታየው።

አምስተኛ፣ ጨለማ ቤት ውስጥ ስታነሡ ስልኩን በበሩ መቃን ወይም በወንበር ላይ አስደግፉት። ብርሃን ሲያንስ ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ስለሚከፈት የእጅ መንቀጥቀጥ ሥዕሉን ያደበዝዘዋል። ሌንሱንም ጥረጉት። የምድጃ ጭስና የወጥ ቅባት የነካው ሌንስ ሁሉን ነገር ጉም ያለበሰው ያስመስላል። እኔ ለሁለት ወር ያህል ስልኬን ስወቅስ ቆይቼ ጥፋቱ የራሴ ጣት ሆኖ አገኘሁት።

ስድስተኛ፣ «ቀጥ በሉ» አትበሉ። የአባቴን ሳቅ ያጠፋው ይህ ቃል ነው። ሰው በሥራው ላይ እያለ አንሡት፤ አውሩት፤ ቆዩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት ፎቶዎች ካሜራውን የሚያይ ሰው ናቸው፤ ስድስተኛው ላይ ረስቶት ራሱን ይሆናል። የእናቴን ፊት ያነሣሁት ከስምንት ወር በኋላ፣ ልጄ ቁርኣን ስትቀራ ስሕተቷን ለማረም ጎንበስ ባሉበት ጊዜ ነው። አስቀድሜ ስለጠየቅኋቸው ፈቅደውልኝ ነበር፤ ሲነሡ ግን አላወቁም። ፎቶውን ሳሳያቸው ፈገግ ብለው «እናቴን መሰልኩ» አሉ።

አማናው

የቤተሰብ ፎቶ አማና ነው። እህቶቻችን በቤት ውስጥ ሳይሸፋፈኑ የሚቀመጡት ቤቱን አምነው ነው። በኒካሕ ወይም በዒድ ዕለት ሴቶች በተሰበሰቡበት ክፍል ስልክ የሚያነሣ ሰው ያንን እምነት በእጁ ይዟል። አንድ ጊዜ የተላከ ፎቶ አይመለስም፤ አንዷ ለአንዷ ስትልከው በአንድ ቀን ባለቤቷ የማታውቃቸው ሰዎች ዘንድ ይደርሳል። ስለዚህ በቤታችን ሦስት ደንብ አለን፦ ሳይጠየቅ የሚነሣ የለም፤ «አጥፋው» ያለ ሰው ፎቶው በፊቱ ይጠፋለታል፤ ያለ ፈቃድ ከቤት የሚወጣ ፎቶ የለም። ሕፃንም ቢሆን «አልፈልግም» ካለ ይከበርለታል። ልጆቼ ይህን ደንብ ከእኔ ይልቅ አጥብቀው ይጠብቁታል።

የጠፋው ስልክ

ይህን ሁሉ ተምሬ አንድ ትልቅ ነገር ዘነጋሁ። በ2012 ዓ.ም ክረምት ከገበያ በዝናብ ስመለስ ስልኬ ከኪሴ ወድቆ ጠፋ። የሦስት ዓመት ፎቶ፣ ከዘጠኝ መቶ የሚበልጥ፣ አብሮ ሄደ። ሌላ ቦታ ያስቀመጥኩት አልነበረም። የታናሹ ልጄ የመጀመሪያ እርምጃዎች፣ እናቴ ልጄን ሲያቀሩ የተነሡት ፎቶ፣ ሁሉም ጠፋ። የተረፉት ከዚያ በፊት ለዒድ ባሕር ዳር አሳጥቤያቸው የነበሩት አሥራ አንድ የእጅ ፎቶዎች ብቻ ናቸው።

ያን ጊዜ የአባቴን ጉርድ ፎቶ በሌላ ዓይን አየሁት። አንድ ብቻ ቢሆንም፣ ቢያፈጥም፣ ወረቀት ስለሆነ ይኸው እስከ ዛሬ አለ። የእኔ ዘጠኝ መቶ ግን በአንድ የዝናብ ማታ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ አደርጋለሁ። በየወሩ መጨረሻ ከቤተሰቤ ጋር ተቀምጠን ፎቶዎቹን እናያለን፤ የማይጠቅሙትን እናጠፋለን። የቀሩትን ፍላሽ ላይ ገልብጬ አንዱን በቤቴ፣ ሌላውን በወንድሜ ቤት አስቀምጣለሁ። በዓመት ቢያንስ አሥር ፎቶ አሳጥባለሁ። በጀርባው በእርሳስ የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ ቦታውንና ቀኑን እጽፋለሁ፤ ቀለም ውስጥ ለውስጥ ገብቶ ፎቶውን ስለሚያበላሽ እርሳስ ይሻላል። በአራት ማዕዘን ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አድርጌ ከጭስ፣ ከፀሐይና ከክረምት እርጥበት ርቆ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። የድሮ ፎቶ ያለው ሰውም ከመስታወቱ አውጥቶ፣ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ስልኩን ትይዩ ይዞ ያለ ፍላሽ ቢገለብጠው ሁለተኛ ቅጂ ያገኛል።

እናቴን እንደገና አስፈቅጄ አነሣኋቸው። ዘንድሮ ያንን ፎቶ አሳጥቤ አመጣሁላቸውና በጀርባው ስማቸውን ልጽፍ እርሳስ አነሣሁ። እሳቸው ግን እጄን ያዝ አድርገው፣ «ከእኔ ስም በታች የእናቴንም ስም ጻፍልኝ። እሷ አንድም ፎቶ የላትም፤ ሰዎች እሷን እመስላለሁ ይላሉ» አሉኝ። ጻፍኩላቸው። ልጄ አጠገባችን ሆና ስሙን ጮክ ብላ አነበበችው። የቅድመ አያቷን ስም ስትሰማ ያ የመጀመሪያዋ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ ለዚህ ወር የምሰጣችሁ የቤት ሥራ ቀላል ነው። በቤታችሁ ሁልጊዜ ሌላውን የሚያነሣ ወይም ሁልጊዜ ጓዳ ሆኖ ከፎቶ የሚቀር ሰው አለ። እሱን አስፈቅዱት። ጠዋት በሩ አጠገብ አስቀምጡት፤ እስኪረሳችሁ ጠብቁ፤ አንሡት። አንዲቷን አሳጥቡና ስሙን ጻፉበት።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።